የልጄን ኮምፒውተር ሊወስዱብኝ መጡ

ዛሬ የልጄን ሙት ዓመት ስንዘክር፣ እንግዳው ከድንኳኑ ሳይነሣ፣ ዩኒቨርሲቲ አብሯት የሠራ ጓደኛዋ «ኮምፒውተሯን ይስጡኝ» አለኝ።

ልጄ ብርሃን የሚያስተላልፍ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የመስታወት ክር ትነድፍ ነበር። «እማዬ፣ ብርሃን በመስታወት ውስጥ ሲሄድ ይደክማል፤ በአየር ግን ብዙ አይደክምም» ትለኝ ነበር።

«ንድፉ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው፣ እማማ» አለኝ ጓደኛዋ።

እዚህ ንፋስ መውጫ ከተማ ታማ ስትተኛ አንድ ቀን እንኳ አልደወለላትም። ኔትወርክ እምቢ ብሎት ይሆናል።

የባሌ ወንድም ደግሞ «ልብሷን ለነዳያን ሰጥተሽ የለ? ይኼ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ።

ልብሷን የሰጠሁት ለነፍሷ ነው። ይኼንን ለማን ነፍስ ልስጥ?

«ንድፉ ሲያልቅ በማን ስም ነው የሚወጣው?» አልኩት ጓደኛዋን። መሬት መሬት ያይ ጀመር።

አውጥቼው የነበረውን ኮምፒውተር ወደ ጓዳ መለስኩት። የደከመችበት ሥራም አብሮት ጓዳ ገባ።

የልጃችሁ ሥራ እጃችሁ ላይ የቀረ እናቶች፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ?