የጠማው ዛር አልነበረም

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ያደረገልኝን ልነግራችሁ ተነስቻለሁ። እኔ ከተነሳሁ ቶሎ እንደማልቀመጥ ታውቃላችሁ፤ ወሬዬም መንገድ ይስታል፤ ታገሱኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ በሥጋዬ የሆነውን ግን ማንም አንብቦ አልነገረኝም፣ እኔው ነኝ የማውቀው። ስሙ ይባረክ።

ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ ስገባ ገና ጉልበት ነበረኝ። ዋራበሌ ሰፈር ቤት ተከራየሁና በርበሬና ሽሮ በዘንቢል ይዤ፣ ሰው ቤት ለሚሠሩት ልጆቻችን ካርቲየ 4 እስከሚባለው ሰፈር ድረስ እየዞርኩ እሸጥ ነበር። ያኔ ጌታን አላውቅም። ክርስቲያን ነሽ ወይ ብትሉኝ አዎ እላለሁ፤ የምፈራው ግን ዛር ነበር። እናቴም ትፈራው ነበር፣ የእናቴም እናት። በቤታችን ዛር እንደ ክፉ አማት ነው፤ እሱ ሳይቀምስ ማንም አይቀምስም።

አንድ የካምሲን ወራት፣ ያ የሚለበልበው ነፋስ ሲነፍስ፣ ውሃ ጥም ያዘኝ። የጅቡቲን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ እዚህ አገር ጠማኝ ያለችን ሴት ማን ይሰማታል? ፍየሉም ምላሱን አውጥቶ ነው የሚውለው። እጠጣለሁ፣ ለሽንት እሮጣለሁ፤ ተመልሼ እጠጣለሁ። ደህና እበላለሁ፣ ግን ቀሚሴ ሰፋኝ። ዓይኔም ደመና ለበሰ፤ የማውቀውን ሰው በድምፁ ካልሆነ አልለየውም። "ሙቀቱ ነው" እያልኩ ከረምኩ።

ወራቱ ዞረና ነፋሱ በረደ። የኛ ብርድ እንኳ ብርድ አይባልም፤ ብቻ ሰው ማታ ማታ ነጠላ ይደርባል፣ ውሃም ይቀንሳል። እኔ ግን ጀሪካኔን አልለቀቅኩም። ጎረቤቴ ሐሊማ፣ እሷም የድሬ ልጅ ናት፣ ከሱቋ ደጃፍ ሆና አየችኝ።

"አስካለ፣ ሙቀቱ ነው አላልሽም?"

"ብያለሁ።"

"ሙቀቱ እኮ ሄደ። ምን ቀርቶሽ ነው እንደ ግመል ውሃ የምትሞዪው? በረሃ ልታቋርጪ ነው?"

ሳቅኩ። "አትሳቂ" አለች። "አጎቴን እንዲህ አድርጎ ነው የጀመረው። ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ።"

እኔ ግን ሐኪም ቤት አልሄድኩም፤ ዛር የምታነጋግር ሴት ዘንድ ሄድኩ። እሷ ደግሞ "የጠማሽ አንቺ አይደለሽም፣ ዛሩ ነው" አለችኝ። "ቀይ ለስላሳ አምሮታል። ሻዩም ስኳር ይብዛበት። ብትከለክዪው ይገድልሻል።"

ወገኖቼ፣ አመንኳት! ጠዋት ጠዋት ቀይ ለስላሳ እከፍትና "እንካ ጠጣ" እለዋለሁ። የሱ አፍ ደግሞ የኔ አፍ ነው፤ ሌላ በምን ይጠጣል? በጠጣሁ ቁጥር ጥሙ ባሰብኝ። ለካ በሽታውን እየቀለብኩት ነው። ሐሊማ "ወላሂ፣ ለኔስ ገበያ ነበር፤ ልቤ ግን እምቢ አለኝ፣ አልሸጥልሽም" ስትለኝ ተቀይሜ ከሌላ ሱቅ ገዛሁ።

አንድ ዓርብ እህታችን ዘነበች ሽሮ ልትወስድ መጣች። ያቺው ዘነበች ናት፤ ከአሠሪዎቿ ቤት የምትወጣው በዕረፍት ቀኗ በዓርብ ብቻ ነው። ስትገባ መሬት ላይ ተዘርግቼ አገኘችኝ። አስመልሶኛል፣ ትንፋሼ እንደ በሰበሰ ሙዝ ይሸታል፣ ስትጠራኝም አልመልስም። ሐሊማን ጠርታ ሁለቱ ተሸክመውኝ ታክሲ ውስጥ አስገቡኝ። በዚያች ዓርብ የላካት ጌታ ይመስገን።

ስነቃ ክንዴ ላይ መርፌ ተሰክቶ ውሃ ይንጠባጠባል። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ይናገራል፣ ሐሊማ ታስተረጉማለች።

"ስኳር በሽታ ነው ይላል። ደሟ ሽሮፕ ሆኗል፣ ትንሽ ብትዘገዩ አትተርፍም ነበር ይላል። ከእንግዲህ ለስላሳ የሚባል እንዳትቀምሺ።"

ያን ስሰማ ሐሊማን ጎተትኳት። "ሐሊማ፣ ጠይቂልኝ፤ ዛሩ ቢቆጣስ?"

"ይህን ደግሞ በፈረንሳይኛ ምን ብዬ ልበለው?" አለች። ግን ነገረችው። ሐኪሙ አልሳቀብኝም።

"ዛሩን አላውቀውም ይላል። ስኳርን ግን አውቀዋለሁ፣ እግር ያስቆርጣል፣ ዓይን ያጠፋል፤ እሱን ትፍራ ይላል።"

ወገኖቼ፣ ያኔ በሁለት ሞት መካከል ተኛሁ። ካልጠጣሁ ዛሩ ይገድለኛል፤ ከጠጣሁ ስኳሩ። ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። ዘነበች አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እማማ፣ ይህ ዛር ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያጠጡት?"

"ከእናቴ እናት ጀምሮ።"

"አንድ ቀን ረክቶ ያውቃል?"

አሰብኩ፤ አያውቅም። "የኔ ጌታ" አለችኝ "የሚያጠጣ ነው፤ አጠጡኝ ብሎ የሚያስፈራራ አይደለም።"

እጄን ያዘችኝና ጸለይን። እኔ ጸሎት የት አውቄ? "ኢየሱስ ሆይ፣ አንተን አላውቅህም፤ ይህን ዛር ግን አውቀዋለሁ፣ መሮኛል። አንተ ውሰደኝ" አልኩ። ይኸው ነው። ሐሊማም ወደ መስኮቱ ዞራ በራሷ መንገድ ዱዓ ታደርግልኝ ነበር።

ከዚያ ዛሩን ጠበቅኩት። አጠገቤ የተኛችው ሴት ለስላሳ መጥቶላት፣ ደግ ናት፣ ለኔም ብርጭቆ ዘረጋችልኝ፤ ቀይ! አፌን በእጄ ሸፈንኩ። አሁን ያንቀኛል፣ አሁን ይጥለኛል እያልኩ የአልጋውን ብረት ጨብጬ ጠበቅኩ። ዛሩ አልመጣም። የመጣችው መርፌ የያዘች ነርስ ናት። ሃሌሉያ! ሰንበት ብሎም አንድ ጠዋት ውሃ ሳይታወሰኝ ረፈደ። ይህ ሲገባኝ ጮህኩ፤ ነርሷ የባሰብኝ መስሏት እየሮጠች መጣች። ጥሙ ሄደ፣ ፍርሃቱም አብሮት ሄደ።

አሁን መርፌዬን በየቀኑ እወጋለሁ። መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም፣ እኔ ደግሞ ማቀዝቀዣ የለኝም፤ ሐሊማ ሱቅ በለስላሳዎቹ መካከል ተቀምጦልኛል። "ያንቺን ውሰጂ፣ ጎረቤቶቹን እንዳትነኪ" ትለኛለች። እግሬን ማታ ማታ እያገላበጥኩ አያለሁ፤ ሳይሰማኝ እቆስላለሁና። ተወግቼ ምግብ ካዘገየሁ ላብ ያጠምቀኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ ብቻ ስኳር እልሳለሁ፣ ሐኪሙ ያዘዘኝ ነው። ዘነበች ታዲያ "እማማ፣ ዛሩ ተመለሰ እንዴ?" ብላ ትቀልድብኛለች።

አንድ ወንድም፣ ጌታ ይባርከው፣ ከልቡ አስቦ "እማማ፣ ካመኑ መርፌው ምን ይሠራል?" አለኝ። "ልጄ" አልኩት "ከዛሩ በቃሉ አወጣኝ፤ ስኳሩን በመርፌ ይዞልኛል። ሁለቱም የእሱ እጅ ነው። ጨርሶ የወሰደልኝ ቀን ሐኪሙ መርምሮ ያቁመው፤ እኔ በራሴ አላቆምም።"

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ ጥሙን በሙቀት እያሳበበ የተቀመጠ አለ። እየበላች የምትከሳ አለች። የቤቷን ዛር ፈርታ ዝም ያለችም ትኖራለች፤ እኔ አውቃታለሁ፣ እኔው ነበርኩ። ያላወቅሁትን ጌታ ጠርቼው መጣልኝ፤ ጥሩት፣ ይመጣል። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሐኪም ቤቱም ክፍት ነው። ስንጨርስ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። መጥታችሁ እጄን ብቻ ንኩኝ፤ ለምን ብዬ አልጠይቅም፣ ጠዋት አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ክብሩን እሱ ይውሰድ።