መብራት ያላየችው ባሕር

መብራት ባሕር አይታ አታውቅም። ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። ባሏ ፍሰሃጽዮን ግን የምጽዋ ልጅ ነው። በወጣትነቱ በአጎቱ ጀልባ ዱቄትና ጋዝ እየጫነ፣ ከምጽዋ በስተደቡብ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር ላሉ መንደሮች ያደርስ ነበር። አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከመጡ በኋላ እሱ ታክሲ ሲነዳ፣ እሷ ነርሲንግ ሆም አረጋውያንን ስትንከባከብ አረጁ።

ከከተማዋ ዳር ኒው ሆፕ ባለው አፓርታማቸው ከእራት በኋላ ወሬው ያው ነው፤ ያንን ባሕር በቃሉ ይዞራል።

«ከምጽዋ ስትወጪ ሕርጊጎ አለች። ቀጥሎ የጌደም ተራራ ነው። እሱን ዞረሽ ስታልፊ ዙላ። ፎሮ ከባሕሩ ትንሽ ገባ ትላለች። ውሃው የሚያልቅበት ጋ ኢራፋይሌ፤ ማዶው ቡሪ ነው፣ ፍየልና ሙቀት ብቻ።»

መብራት እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ትሰማዋለች። ብዙ ጊዜ ሳይጨርስ እንቅልፍ ይወስዳታል።

በረዶ በጣለበት አንድ ማለዳ ወደ ሥራዋ ሊያደርሳት ወጡ። ሥራዋ ኩን ራፒድስ ነው፣ ወደ ሰሜን። መኪናው ውስጥ አሸልቧት ስትነቃ በተቃራኒው፣ በስተደቡብ ያለችው ሪችፊልድ ደርሰዋል።

«ፍሰሃ፣ ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ሥራሽ ነዋ።»

«ሥራዬ እዚህ ነው እንዴ?»

መኪናውን ዳር አስያዘ።  «ንገሪኝ እስቲ» አላት ቀስ ብሎ፣ «የት ነው ያለነው?»

ከተመረመረ በኋላ ሐኪሙ የመርሳት በሽታ መሆኑን ነገራቸው፤ ከእንግዲህ ድራይቭ እንዳያደርግም ከለከለው። ፍሰሃጽዮን አልተከራከረም። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። መብራት ግን ይቆጣል ብላ ተዘጋጅታ ነበር።

አሁን የምትነዳው እሷ ናት። ጠዋት አጥባና አልብሳ አረጋውያን ቀን የሚውሉበት ማዕከል ታደርሰዋለች፤ ከዚያ የሌላ ሰው እናት ልታጥብና ልታለብስ ትሄዳለች። መንገድ ላይ እሱ ባሕሩን ይዞራል። አንድ ቀን ከዙላ ዘሎ ኢራፋይሌ ገባ።

«ፎሮስ?» አለችው።

«ፎሮ ምንድን ናት?»

ዞራ አየችው። ከኋላዋ ያለው መኪና ክላክስ ሲያደርግባት ነው መንገዱ መለቀቁን ያወቀችው።

ማዕከሉ በር ላይ ሮሆቦት የምትባለው ተንከባካቢ ጠበቀቻት።

«እትዬ መብራት፣ ጋሼ ትናንት ‹ዙላን አለፍን ወይ?› ሲሉኝ ዋሉ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

መብራት ረፍዶባታል። ቢሆንም ወገቧን በሩ ላይ ደገፍ አድርጋ ከምጽዋ ጀመረች። ሕርጊጎን፣ ጌደምን፣ ዙላን በተራ ነገረቻት፤ ፎሮ ከባሕሩ ገባ እንደምትልም አልተወችም።

«እርስዎም የዚያ አገር ሰው ነዎት እንዴ?»

«አይደለሁም። ብቻ ‹አልፈናል፣ ኢራፋይሌ ልንደርስ ነው› በዪው። ያን ጊዜ ዝም ይላል።»

ከሰዓት በኋላ ልትወስደው ስትመለስ ፍሰሃጽዮን ምሳውን በልቶ ወንበር ላይ ተኝቷል። ሮሆቦት እንዳለችው፣ ሁለት ጊዜ ጠይቆ፣ መልሱን ሰምቶ፣ «ደህና» ብሎ ነበር። አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ነው። መብራት ልትቀሰቅሰው እጇን ዘረጋችና ተወችው። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች፤ እሷም ዓይኗን ጨፈነች።