ሰማኸኝ ከብስክሌቱ የሚወርድበት ስፍራ

በሱዳኗ ገዳሪፍ ውስጥ፣ ከእህል ገበያው በስተጀርባ ባለው የሱቆች መንገድ ላይ፣ ማለዳ ማለዳ አንድ ሰው ከብስክሌቱ ወርዶ በእግሩ ሲሄድ ይታያል። መንገዱ ደልዳላ ነው፤ ዳገት የለው፣ ጉድጓድ የለው። ጎማውም አልተነፈሰም። ሰውየው ከሻይ ሻጮቹ መደብ ጀምሮ እስከ ሐጂ ጀማሉ ሱቅ ማዕዘን ድረስ ብስክሌቱን እየገፋ፣ ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ ያልፍና፣ ማዕዘኑን ሲሻገር መልሶ ይወጣበታል። ነባሮቹ ለምደውታል። ለሰሊጥ አጨዳ የመጡ አዲስ ልጆች ብቻ፣ መንዳቱን ገና በግማሽ ነው የተማረው እያሉ ይሣሣቃሉ።

ሰማኸኝ ይባላል፤ የጭልጋ ሰው ነው። ሥራው ጆንያ መስፋት ነው። ሰሊጡ ተመዝኖ ጆንያው ሲሞላ፣ አንድ ስንዝር በሚያህል መርፌና በሲባጎ አፉን ይዘጋል። ስፌቱ እንደ ጽሕፈት ነው፤ ነጋዴዎቹ ገና ከሩቁ አይተው "ይኼ የሰማኸኝ እጅ ነው" ይላሉ። ነገር ግን የመጋዘኑ አለቃ እጅ አይመርጥም፤ ቀድሞ የደረሰውን ዐሥራ አምስት ሰው ቆጥሮ በሩን ይዘጋል። የሰማኸኝ ቤት ደግሞ ከከተማው ዳር፣ ወደ ባሱንዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ ጉልበቱም ካመመው ቆይቷል። በባለ ሦስት እግሩ ታክሲ፣ በረክሻ እንዳይሄድ፣ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ የመሳፈሪያው ዋጋ የቀኑን ደመወዝ እኩሌታ ይበላል። ባለፈው ኅዳር ከአንድ ሳምንት ውስጥ አራቱን ቀን በሩ ተዘግቶ ጠበቀው።

ስለዚህ እሱና ሚስቱ ሸዋረጋ፣ አገሬው አጀላ የሚለውን ብስክሌት ለመግዛት ሁለት ዓመት አጠራቀሙ። እሱ ከመርፌው፣ እሷ ቆልታ ከምትሸጠው ለውዝ። ሁለት መቶ ሰማንያ ሺሕ ጂኔ ሲሞላ ሸዋረጋ በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችውና፣ "ሃያዋን መልሰህ አምጣልኝ፤ የለውዝ መግዣ ናት" አለችው። ይህች ሃያ ሺሕ ናት እንግዲህ ሰውየውን ወደ ክርክር ያስገባችው።

ሐጂ ጀማሉ የጎንደር አዲስ ዓለም ተወላጅ ናቸው። ገዳሪፍ ሠላሳ ዓመት ኖረው አማርኛቸው ትናንት ከቀሃ ወንዝ ማዶ የተሻገሩ ያህል ነው። ሱቃቸው ውስጥ ብስክሌትና መለዋወጫ፣ ባልዲና ቁልፍ ይሸጣሉ። የዚያን ቀን ከጣራው ሥር አንድ ጥቁር ብስክሌት ቆሞ ነበር፤ የዕቃ መጫኛ ያለው፣ ኮርቻው ገና ከላስቲኩ ያልወጣ። ሰማኸኝ መሪውን በጣቱ ዳሰሰና እንዳልወደደው ሰው ፊቱን አዞረ።

"ስንት ይላሉ ሐጂ?"

"ሦስት መቶ ሃምሳ።"

"ሁለት መቶ ሃያ ልስጥዎት።"

"በሱማ ደወሉንና አንዱን ፔዳል እሸጥልሃለሁ" አሉ ሐጂ፤ ሻይ እንዲመጣም አዘዙ።

ሻዩ መጣ። ዋጋው ከወዲህ ሲወጣ ከወዲያ ሲወርድ ቆየ። ሐጂ ሦስት መቶ ሠላሳ ላይ ደርሰው ተተከሉ፤ ሰማኸኝም ሁለት መቶ ስልሳ ላይ። ከዚህ በኋላ ሰማኸኝ ገበያተኛ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ አመስግኖ ወጣ። አምስት እርምጃ ሲራመድ እንደሚጠሩት እርግጠኛ ነበር። አምስቱንም ተራመደ። ስድስተኛውን አሳጠረው፤ ሰባተኛው ላይ ቆሞ በር ላይ የተደረደረውን ባልዲ ማገላበጥ ጀመረ። የጠራው ግን አልነበረም። በመጨረሻ ራሱ ተመለሰ።

"ባልዲም ፈለግህ?" አሉት ሐጂ። ክፋት አልነበረበትም፤ የገበያ ጨዋታ ነው። ሰማኸኝ ግን ጆሮው ድረስ ጋለ። ነገሩ የመጣው ከዚያ ሙቀት ይመስለዋል፤ አስቦት አልነበረም።

"ቤታችን ሐዘን ገብቶብን ነው እንጂ ሐጂ፣ በጨመርሁ ነበር" አለ።

ሐጂ ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ማን ነው?"

እዚህ ላይ ሰው ማምጣት ግድ ሆነበት። የራሱ እናትና አባት ከሞቱ ቆይተዋል። ልጆቹን በአፉ ሊጠራ አይችልም፤ አንደበቱም ባልታዘዘው። እንዲህ ሲያስስ ሐሳቡ የድንበሩን ወንዝ ተሻግሮ ገንዳ ውኃ ደረሰና፣ ዕድሜ የጠገቡትን አማቱን እማማ ለተሥላሴን አገኘ። ሩቅ ናቸው፤ አርጅተዋልም። ማን ይሰማል ብሎ ነው።

"የባለቤቴ እናት" አለ።

ሐጂ ጀማሉ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። በዚያ አገር ሰው ሲዘረጋ አብረው ይዘረጋሉ፤ ሰማኸኝም እጆቹን አነሣ። እነዚያ ቀኑን ሙሉ ጆንያ የሚያገላብጡ እጆች ያን ጊዜ እንደከበዱት ከዚያ ወዲህ ከብዶት የሚያውቅ ነገር የለም። ከዚያ አንዱ ውሸት ሌላውን እየጠራ መጣ። መቼ ሲሉት ሦስት ሳምንት ሆናቸው አለ። ልጂቱ አልደረሰችም ወይ ሲሉት መንገዱ ዝግ ነው አለ። ካጠራቀምነው ላይ ለአርባው ተዝካር ተለይቷል ብሎም ጨመረ።

"ሁለት መቶ ሃምሳ ስጠኝና ውሰደው" አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከመጀመሪያው ዋጋ የጎደለው መቶው የሚስትህ ነው፤ ለቅሶዋን ስላልደረስሁ።" የጎማ መንፊያውንም ያለ ዋጋ መጫኛው ላይ አሰሩለት። ሲወጣ፣ "ቤታችሁ ወዴት ነው?" ብለው ጠየቁት። ያን ቀን ሰማኸኝ እውነቱን የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ሰማያዊ በር አለው አለ።

ለሸዋረጋ ሠላሳ ሺሕ መለሰላት። "አሥር አተረፍህልኝ፤ ምን ብለህ አሳመንኸው?" ብላ ሣቀች። ተከራክሬ ነው አላት። እሷም ለጎረቤቷ ለኑሪያ ባሌ ሲከራከር ልብ ይሰብራል ብላ አወራችላት።

ሁለት ቀን እንደ ንጉሥ ነዳ። በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ገና ሰማዩ ሳይጠራ ወጥቶ መጋዘኑ በር ላይ አንደኛ ሆኖ ቆመ። ብስክሌቱ ባይኖር ኖሮ በዚያ ሰዓት ገና እቤቱ ጫማውን እያሰረ ይሆን ነበር።

ሐጂ ጀማሉ የሱብሒን ሶላት ሰግደው፣ ሚስታቸውን ናጂያንና ሦስት ሽማግሌዎችን አስከትለው፣ አሥር ኪሎ ስኳርና ሻይ ቅጠል አስይዘው ሰማያዊውን በር አንኳኩ። ሸዋረጋ ከፈተች። ሽማግሌዎች፣ ነጭ የለበሱ፣ በማለዳ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በአገራችን እንዲህ ተሰብስቦ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። ናጂያ አቀፈቻትና፣ "አላህ ያጥናሽ እህቴ፤ እናት ከባድ ነው" አለቻት።

የሸዋረጋን ጩኸት ወፍጮ ቤት ያሉት ሁሉ ሰሙት።

ኑሪያ ለሰማኸኝ ስልክ ደወለች። ቶሎ ና አለችው፤ መርዶ በስልክ አይነገርምና ለምን እንደሆነ አልነገረችውም። ሰማኸኝ ከልጆቹ አንዱ የተቃጠለ መስሎት ያን አዲስ ብስክሌት እንደ ፈረስ ጋለበው። ደጁ ላይ ሲደርስ ሰዉ እስከ መንገዱ ተርፏል። ሸዋረጋ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ናጂያ ከኋላዋ ደግፋት፣ ፊቷን ትነጫለች። ሐጂ ጀማሉ ደግሞ ነገሩ ግራ ገብቷቸው ቆመዋል፤ ሦስት ሳምንት ያለፈው ሐዘን እንዴት ዛሬ አዲስ እንደሆነ አልገባቸውም። ሰማኸኝን ሲያዩት፣ "አልነገርሃትም ነበር?" አሉት በሹክሹክታ።

ሰማኸኝ ብስክሌቱን እንደያዘ ቆመ። መሪውን የሚለቅበት ስፍራ ያጣ ይመስል ነበር።

"አልሞቱም" አለ። "ደኅና ናቸው፤ አልሞቱም።"

ያመነው የለም። ከሴቶቹ አንዷ፣ "ተው አሁንስ፣ ከታወቀ ወዲያ መደበቅ ምን ያደርግላታል" አለችው። እርግጥ ነው፤ እኛ ሞትን መደበቅ ስለምናውቅበት፣ የሞተውን አልሞተም ሲሉን ለማመን እንቸገራለን። ሸዋረጋም ይህን ስትሰማ ለቅሶዋ ባሰ።

"የዋሸሁት እኔ ነኝ" አለ ሰማኸኝ። "ለሐጂ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ለብስክሌቱ ነው። እንዲቀንሱልኝ ብዬ ነው።"

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ከስድቡ ሁሉ የከፋው ያ ነበር፤ እሱን ላለማየት መሬት መሬቱን ማየታቸው። ሸዋረጋ ብስክሌቱን ከጎማው እስከ ደወሉ አየችው፤ ቀጥላ ባሏን አየችው።

"ማለልኝ" አለች። "አይ፣ አትማል። ድምጿን አሰማኝ።"

ያ ደግሞ ከእጁ የወጣ ነበር። ከድንበሩ ወዲያ ስልክ ከተቋረጠ ወራት አልፏል። ሰማኸኝ የሚያውቀው ያለመሞታቸውን አይደለም፤ ያን ውሸት ሲያወራ የሰማው የሞት ወሬ እንዳልነበረ ብቻ ነው። ይህ ያን ጊዜ ነው የገባው፤ ሲገባውም መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሐጂ ጀማሉ ይሄዳሉ ሲባሉ አልሄዱም። ሸዋረጋ ፊት ቁጢጥ ብለው የእናቷ ቤት በየትኛው ሠፈር እንደሆነ፣ ጎረቤታቸው ማን እንደሚባል ጠየቋት። የናጂያ ወንድም ረድዋን ድንበሩ ላይ፣ ገላባት ይነግዳል፤ ወዲያና ወዲህም ይሻገራል። ለእሱ እልካለሁ ብለዋት፣ ሰማኸኝን በጎን አልፈው ወጡ።

አምስት ቀን ሆነ። ሸዋረጋ ጥቁር አልለበሰችም፤ ነጠላዋንም ከሐዘን አለባበሱ አላቀናችም። ለቀስተኛ ሲመጣ አላውቅም ትላለች። ሰማኸኝ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በእግሩ ወደ ሥራ ሄደ፤ አምስቱንም ቀን በሩ ተዘግቶ ጠበቀው። በመንገድ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይመጣበታል። ወጣት ሳለ ለአጨዳ ገንዳ ውኃ ወርዶ፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቆ በአንዲት ሴት ደጅ ቢያርፍ፣ ሴትየዋ ማንነቱን እንኳ ሳትጠይቅ ውኃ አሙቃ እግሩን አጠበችው። ለተሥላሴ ነበረች። ሸዋረጋን ያየው ያን ቀን ነው፤ ማሰሮውን ይዛ ቆማ።

በስድስተኛው ቀን ናጂያ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ረድዋን ገንዳ ውኃ ድረስ ሄዶ፣ ድምፅ ቀድቶ፣ ገላባት ተመልሶ ልኮታል። ስልኩን መሐላቸው አስቀምጣ ነካችው።

"ሸዋዬ" አለ ያ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ። "ማን ነው የገደለኝ? ይህ ልጅ ሰው አሳስቶ አውርቷል ይለኛል። እኔ ዶሮ እያሯሯጥሁ ነው፤ የሞተው ጥርሴ ነው። አታልቅሺ። ሰማኸኝ ደኅና ነው? እግሩንስ ተሻለው?"

ሸዋረጋ ሦስት ጊዜ አስደገመችው። ሰማኸኝ ከመጀመሪያው በኋላ ተነሥቶ ወጥቶ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቆመ፤ ለሁለተኛ ጊዜ "እግሩንስ" ሲባል መስማት አልቻለም።

ከወር በኋላ መቶ ሺሑን ይዞ ሱቁ ሄደ። ግማሹን ከመጋዘኑ አለቃ ተበድሮ ነው። ሐጂ ገንዘቡን አልነኩትም።

"ብስክሌቱን ለአንተ ሸጥሁ፤ ተጨርሷል" አሉት። "መቶውን ግን ለሷ ነው የሰጠሁት። ከሷ ጋር ተነጋገር።" ከዚያም ወደ ሌላ ገበያተኛ ዞሩ።

ሸዋረጋ ገንዘቡን ተቀብላ በዚያው ባለፈው መሐረብ ቋጠረችው። ከሳጥኑ ሥር አስቀመጠችና ጀርባዋን እንደሰጠችው ተናገረች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ስለ ለውዝ እንደምታወራ ዓይነት ነበር።

"ይኼ ለእማዬ ይቀመጥ። የሞተች ቀን ግን አንተ እንዳትነግረኝ። ሌላ ሰው ይንገረኝ።"

እሺ አለ።

ዛሬ ሰማኸኝ መጋዘኑ በር ላይ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው፤ ጉልበቱም ተሽሎታል። ከሻይ ሻጮቹ መደብ ሲደርስ ግን ይወርዳል። በቅርብ ጊዜ ሐጂ ጀማሉ ደጃቸውን እየጠረጉ አገኛቸውና ሰላም ሊላቸው ቆመ። እሳቸው ቀድመው፣ "ሰማኸኝ፣ ሰንሰለቱ ይጮኻል፤ ዘይት አስነካው" አሉት።

"እሺ ሐጂ" አለ። ብስክሌቱን እየገፋ እስከ ማዕዘኑ ሄደ።