የፊት ጎማዋ የረዘመ ጄት

ኦርሊኮን ሰፈር አንድ የመጫወቻ ሱቅ በር ላይ የሞዴል አውሮፕላን ሙጫ ሸተተኝና ወደ ጄኔቭ፣ ወደ አሥራ ሁለት ዓመቴ ተመለስኩ።

ለሞዴል ሥራ ውድድር ያቀረብኳት የፕላስቲክ ተዋጊ ጄት አፍንጫዋን ቀና አድርጋለች፤ የፊት ጎማዋን እግር ያስረዘመኝ አባቴ ነው። ዳኛው ካርቶኑ ላይ ያለውን የመገጣጠሚያ መመሪያ አየና «ስህተት ነው» ብሎ ነጥብ ሊቀንስ እስክሪብቶ አነሳ።

«ምን አለ?» አለኝ አባቴ፣ የሆቴል ጽዳት ዩኒፎርሙን እንደለበሰ።

«እግሯ ረዝሟል አለ፣ አባባ።»

«ለመነሳት ስትዘጋጅ ይረዝማል በይው! ደብረ ዘይት አየር ኃይል ሳለሁ ስንቴ ከእውነተኛዋ ሥር ተንበርክኬ ጠግኜዋለሁ። እሱ ያነበበው ካርቶን ነው።»

የካርቶኑንም ነገር ሳላስቀር ለዳኛው በፈረንሳይኛ ተረጎምኩለት። ዳኛው መጽሐፍ አገላብጦ የእውነተኛዋን ፎቶ አገኘ፤ አፍንጫዋ ቀና ብሏል። እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና ለአባቴ እጅ ነሳ።

«የክንፏ ቀለም ግን ተዝረክርኳል» አለኝ አባቴ። «ለሱ ይቀንስብሽ።»

ኦርሊኮን ሱቁ ገብቼ የያችኑ ጄት ሞዴል ገዛሁ። ሻጩ «መመሪያው ውስጡ አለ» አለኝ።

«እሱን እርስዎ ያስቀሩት» አልኩ።