ቀይ ምንቃር

አባቴ የአዳማን ጋሪዎች ቀለም ሲቀባ የኖረ ሰው ነው። ባለጋሪው አንበሳ ሳልልኝ ካለው አንበሳ ይስልለታል፤ ጥጉ ላይ ግን ሳይጠየቅ አንድ ፔሊካን ይጨምራል። በልጅነቱ ባቱ ሐይቅ ዳር ቆሞ ከሩቅ ያያቸው ወፎች ከልቡ ወጥተው አያውቁም። ምንቃራቸውን ሁልጊዜ ቀይ ነው የሚያደርገው። «ወፏን ሊፕስቲክ ቀባሃት እንዴ?» እያሉ ባለጋሪዎቹ ያበሽቁታል፤ እሱ ንቅንቅ የለም።

አምና ሐኪሙ የጠፋው የዓይኑ ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም እየቀነሰ እንደሚሄድ ነገረን። ከክሊኒኩ ወጥተን ባጃጅ ያዝን። እንደተቀመጥን አባቴ «ሳይጨልምብኝ ፔሊካኖቹን በቅርብ ልያቸው» አለኝ። ከዚያ በፊት ምንም ለምኖኝ አያውቅም። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ በሐኪሙ ተናደድኩ፣ ምንም ባላጠፋው የባጃጅ ሹፌር ተናደድኩ፣ ቅዳሜ ሲደርስ አባቴን ይዤ ባቱ ወረድኩ።

ሰው የማይኖርባት የወፎቹ ደሴት ከዳር ትርቃለች። የሞተር ጀልባዎቹ ቤንዚን አጥተው ቆመዋል። ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ሸራ ያላት ጀልባ የነበረችው አንድ ጎልማሳ ዓሣ አጥማጅ ብቻ ነፋሱ ካገዘን አደርሳችኋለሁ አለ። «ጋሼ፣ እርስዎ መሐል ይቀመጡ» ብሎ አባቴን በሁለት እጁ ደግፎ አስገባልን።

መንገድ ላይ ጉማሬዎች ጆሯቸውንና ዓይናቸውን ብቻ አውጥተው አፈጠጡብን። ጀልበኛው ሸራውን አዙሮ በሩቁ ሲያልፋቸው እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። አባቴ «የት አሉ? የት?» እያለ አንገቱን ያዞራል። ፊት ለፊቱ ነበሩ። ጉማሬ ያላየ ሰው ወፍ እንዴት ሊያይ ነው?

ደሴቷ ድንጋይ ብቻ ናት፤ ወፎቹ በኩሳቸው ነጭ አድርገዋታል። አንዲት የደረቀች ዛፍ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ለቅሶ እንደተቀመጡ ሽማግሌዎች አቀርቅረዋል። ፔሊካኖቹ ታች ውሃው ዳር ተደርድረው ላባቸውን ይጠራርጋሉ። ጀልበኛው «ሱታ፣ ቀስ በሉ፣ እንዳይደነግጡ» ብሎ ሸራውን አወረደና ጀልባዋን ለውሃው ተዋት። ያለ ድምፅ ተጠጋናቸው፤ የዓሣ ሽታቸው እስኪደርሰን ድረስ።

አባቴ ዓይኑን አጠበበ። አንገቱን ወደ ወፎቹ አሰገገ። ከዚያ «ምንቃራቸው ቀይ ነው አይደል?» አለኝ።

ቢጫ ነበር። ከሥሩ የተንጠለጠለው ቆዳም የበሰለ ሎሚ ይመስላል። ዕድሜውን ሙሉ ሲቀባው የኖረው ቀለም ልክ አይደለም ብዬ አሁን፣ በዚህ በቀረችው ብርሃኑ ልንገረው? አንጀቴ አልቻለም።

«አዎ አባዬ፣ ቀይ ነው።»

ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ውሸታም! ቢጫ ነው እንጂ!»

«ታየህ? አባዬ፣ ታየህ?» ብዬ ጮህኩ። ውሸቴ ተይዞብኝ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጩኸቴ ወፎቹን አስነሳቸው። ከራሳችን በላይ ሲያልፉ አባቴ ወደ ክንፎቻቸው ድምፅ ቀና አለ። «ክንፋቸውን ንገሪኝ፤ እሱን መለየት አቃተኝ። በሞቴ፣ እንዳትዋሺኝ።»

«ነጭ ነው። ከሥር ግን ጫፉ ጥቁር ነው።»

«ጥቁሩን አንድም ቀን ቀብቼው አላውቅም» አለና እጄን ያዘ። እስክንመለስ አልለቀቀኝም።

አሁን ምንም አይታየውም። በረንዳችን ላይ አብረን ስንቀመጥ በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ እንዳለ እነግረዋለሁ። ከሳላቸው ጋሪዎች አንዱ ሲያልፍ ስነግረው ቀና ይላል።

«ቀለሙ ለቋል?»

«ለቋል።»

«ምንቃሯስ?»

«ቀይ ነው፣ አባዬ።»

በዚህ ጊዜ ግን አልዋሸሁትም።