«ኮተቤ ማን ይቀብረኛል?»

እሁድ፣ ሚያዝያ 1976 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፤ ዑራኤል

ጎህ ሲቀድ ወጣን። የዑራኤል ቅዳሴ ከሩቅ ይሰማል፣ አስፋልቱ ባዶ ነው። እሁድ የሚነዱት ተራ የደረሳቸው የቤት መኪናዎች ብቻ ስለሆኑ ግማሹ ከተማ መኪናውን ግቢው ውስጥ አስተኝቷል። አባቴ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ከፊት ከፊት ይራመዳሉ። እኔ እከተላለሁ።

«ልብ በል፣ እኔ የምሄደው መንገዱን ለማየት ነው። ቤቱን ለማየት አይደለም» አሉኝ ሳይዞሩ።

«እሺ አባባ፣ መንገዱን ይዩልኝ።»

ለአንባቢ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የምሠራበት ማተሚያ ቤት ሠራተኞች የቤት ሠሪዎች ማኅበር አቋቁመን ኮተቤ ላይ ቦታ ተመርተናል። ዕጣ ወጥቶልኝ የቤቴ ግድግዳ ቆሟል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ቀርተናል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ባለፈው ክረምት ደጃፍ ላይ ወድቀው ሁለት ሳምንት ተኝተዋል። ጥያቸው ልሄድ አልችልም። እሳቸው ደግሞ ወይ ፍንክች! ዑራኤል ሠፈር ባለው እድር ለብዙ ዓመት ዳኛ ሆነው አገልግለዋል፤ እናቴን የቀበረውም ያ እድር ነው። የቤት ነገር ባነሳሁ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፦ «ኮተቤ ማን ይቀብረኛል? ጅብ?»

የማኅበሩ ኮሚቴ ግን ተራ የሚጠብቅ ሰው ስላለ እስከዚህ እሁድ ቁርጥህን አሳውቅ ብሎኛል። ዛሬ አባቴ እምቢ ካሉ ቤቱ የሌላ ሰው ነው። እኔም የቀረችኝ አንዲት ዘዴ ይቺ መንገድ ናት፤ አባቴ በወጣትነታቸው ሲያሰፏት ድንጋይ የተሸከሙባት የአስመራ መንገድ። ካየኋት ስንት ዓመቴ ብለው አንድ ቀን አፋቸው ቢያመልጣቸው ቃሏን ለቀም አደረግኳት።

1 ሰዓት ከሩብ፤ ሃያ ሁለት ማዞሪያ

በእግር ካልሆነ አሉ፣ በእግር መጣን። የመንገዱ ዳርና ዳር በቆርቆሮ ታጥሮ አረንጓዴ ቀለም እየተቀባ ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል እየመጣ ነውና ከተማው ይሽሞነሞናል። አባቴ ጣታቸውን አጥሩ ላይ ጫን ቢያደርጉት አረንጓዴ ሆኖ ተመለሰ።

«ቤቱ እያፈሰሰ አጥሩን ይቀባሉ እንዴ?»

«አባባ፣ በፈጠረዎ!» ብዬ ግራ ቀኙን ቃኘሁ። ከአንዲት ቆሎ ቸርቻሪ በቀር ሰው የለም። የስሙኒ ቆሎ ገዝቼ አፋቸው ሥራ እንዲይዝ አደረግኩ።

አባቴ ግን ቆሎ እየቆረጠሙም ያወራሉ። መንገዱን ወደ አስመራ የዘረጋው ጣሊያን ነው፤ አባቴና ጓደኞቻቸው ደግሞ በጃንሆይ ጊዜ ጎንና ጎኑን እየቆፈሩ አሰፉት። አንድ ቦታ ላይ ቆም ብለው አስፋልቱን በከዘራቸው ቆረቆሩት። «እዚህ ጋ ረግረግ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ድንጋይ ስንጨምርበት በላው። አራተኛው ቀን ጠገበ።» ከዚህ ወዲያ ገብስ ብቻ ነበር አሉ። ሃያ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ እዚህ ደርሶ የሚዞረው ከተማው እዚህ ስለሚያልቅ ነበር። አሁን ከማዞሪያው ወዲያም ሱቅ አለ፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ ፎቶ ቤት አለ። አባቴ አንድ በአንድ እያዩ አለፉ።

2 ሰዓት፤ መገናኛ

አባቴ እግራቸው ሲደክም የተሳፈርነው አውቶቡስ አጣብቆን መጥቶ መገናኛ ዘረገፈን። መገናኛ መንገዶቹ የሚለያዩበት ነው፤ አንዱ ወደ ቦሌ፣ አንዱ ወደ ጉርድ ሾላ፣ የእኛው ደግሞ ሽቅብ ወደ ላም በረትና ኮተቤ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች፣ የበግ ነጋዴዎች፣ ጭድ የጫኑ አህዮች መሐል መሐሉን ይሄዳሉ። አንድ አውሮፕላን ሆዱን እያሳየን ወደ ቦሌ ዝቅ አለ።

አባቴ ወተት ወደምትሸጥ ሴትዮ ጠጋ ብለው «አከም ቡልቴ?» አሉ። ሴትዮዋ በደስታ ስትመልስላቸው እሳቸውም ቀጠሉ፤ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ኦሮምኛ ከየት መጣ አባባ?»

«ድንጋይ ስንሸከም እርጎ ያጠጡን የነበሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው። የተማርኩት በውሃ ጥም ነው።»

ከዚያ ውይይት ተሳፈርን። ውይይት ማለት ከኋላ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥባት ታክሲ ናት፤ ሰው ፊት ለፊት ከተቀመጠ አይቀርለትም ተብሎ ነው መሰል ስሙ የወጣላት። አባቴን አክብረው ጋቢና ሰጡን። ሾፌሩ ጨዋታ የሚወድ ጎልማሳ ነው፤ መኪናዋ በነጠረች ቁጥር መንገዱን ይራገማል።

«ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው የሠሩት!» አለ።

አባቴ ዞረው አዩት። «ይሄ የእኛ እጅ አይደለም። የእኛ ከላም በረት ወዲህ ነው ያበቃው። እሱ ላይ ስትነዳ ነጥረሃል?»

ሾፌሩ ትንሽ አሰበ። «እውነቱን ለመናገር... አልነጠርኩም አባት።»

አባቴ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። እኔም ደስ አለኝና ሳላስብ «ኮተቤ እንዴት ነው?» ብዬ ሾፌሩን ጠየቅኩት።

«ወይ አየር! ጅቡ እንኳ ጨዋ ነው፣ ሰው አይነካም።»

በልቤ ረገምኩት። አባቴ እስከ ኮተቤ ድረስ መስኮቱን እያዩ ለብቻቸው ፈገግ ይሉ ነበር።

3 ሰዓት ተኩል፤ ኮተቤ

ከአስፋልቱ ወርደን ኮረኮንቹን ይዘን ወጣን። ባሕር ዛፍ፣ ቀይ አፈር፣ አሥር አሥራ አምስት ቤቶች፤ ግማሾቹ ቆርቆሮ ለብሰዋል፣ ሌሎቹ እንደ እኔው ብሎኬት ብቻ ናቸው። «ያቻትና» ብዬ የእኔን ባሳያቸው አባቴ አሻግረው የጎርፍ መውረጃውን አዩ።

የማኅበሩ አባላት ዛፍ ሥር ብሎኬት ላይ ተቀምጠው ይሰበሰባሉ። እኔ የመጣሁት ቁርጤን ለመናገር ነው፤ እነሱ ግን ሌላ አጀንዳ ይዘዋል፦ የሠፈሩን እድር ማቋቋም። አባቴ ጥቁር የለበሰችውን ወይዘሮ አስካለን አዩ፤ ማተሚያ ቤት አብራኝ የምትሠራ አራሚ ናት።

«ማን ሞተብሽ ልጄ?»

«እናቴ፣ አባባ። ወር ሊሞላት ነው። እዚሁ ነው ያረፈችው።»

«እግዜር ያጥናሽ። ማን ቀበረልሽ?»

አስካለ አንገቷን ደፋች። «ጉለሌ ላለው ለድሮ ሠፈራችን እድር ላክሁ። እነሱም ጡሩምባ ነፉ። ግን ደንባቸው ከሠፈር ውጪ ድንኳን አይተከልም ይላል፤ ድንኳኑን ድሮ እንኖርበት ከነበረው ግቢ ተከሉት። እዚያ ሰው ሬሳ ይጠብቃል፣ እዚህ ሬሳ ሰው ይጠብቃል። በመጨረሻ ብሎኬት በሚጭነው መኪና ወሰድናት።»

አባቴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ?»

አለቀ አልኩ በሆዴ። ቤቴ ዓይኔ እያየ ሄደ። አባቴ የፈሩትን ነገር ጥቁር አልብሼ ፊታቸው ያስቀመጥኩላቸው እኔው ራሴ ነኝ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ግርማ ያረቀቀውን ደንብ ማንበብ ጀመረ። የቀበሌ ውሳኔ ነው የሚመስለው። አንቀጽ አንድ፣ ዓላማ። አንቀጽ ሁለት፣ የንዑስ ኮሚቴዎች ተጠሪነት። አንቀጽ ሦስት፣ ምልዓተ ጉባኤ። አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው እስከ አንቀጽ ሰባት ቻሉ።

«ይቅርታ ልጆቼ። ሰው ቢሞት ማን ማንን ይቀሰቅሳል?»

ግርማ ወረቀቱን ገለበጠ። «አንቀጽ ዘጠኝ ላይ... በስብሰባ ይወሰናል ይላል።»

«ሬሳ በስብሰባ አይነሳም!»

ሁሉም ሳቀ። አስካለ እንኳ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ብሎኬት ስበው አባቴን መሐል አስቀመጧቸው፣ አስካለም ልትጽፍ ደብተር ያዘች።

«መጀመሪያ ይሄን ጻፊ። ድንኳኑ ሬሳው ባለበት ይተከላል። ሟቹ ከየት መጣ፣ ስንት ጊዜ ኖረ ተብሎ አይጠየቅም።» ከዚያ ቀጠሉ፤ ጡሩምባው በየትኛው በኩል እንደሚዞር፣ የድንኳኑ ቋሚ ከየትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ፣ ኀዘንተኛው ጋ ማን እንደሚያድር፣ ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ መጀመሪያ ምሳ እንደሚበሉ። ድምፃቸው እናቴ ሳትሞት በፊት የማውቀው ድምፅ ነበር። ከሰማሁት ቆይቼ ነበርና ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሲጨርሱ ግርማ ተነስቶ ወደ አባቴ ዞረ። «ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ ዳኛ ይሁኑልን። የሚደግፍ?» ስብሰባ የለመደ እጅ ሁሉ ወጣ።

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም። የእድር ዳኛ ጡሩምባው የሚሰማበት ማደር አለበት። ከዑራኤል እየተመላለሱ ዳኝነት የለም።»

 ሁሉም እኔን አየ፤ እኔ መሬቱን አየሁ። አሁን አንዲት ቃል ብተነፍስ እልኸኛው አባቴ እንደሚነሱብኝ አውቃለሁ። 

አባቴ ከብሎኬታቸው ተነሱ። ማንንም ሳያዩ ኮረኮንቹን አቋርጠው ወደ እኔ ግድግዳ ሄዱና ጎንበስ ብለው በበሩ ገቡ። ተከተልኳቸው። ብሎኬቱን በከዘራቸው ኳ ኳ አደረጉት። ጥጉን በእጃቸው ዳበሱ። ቀጥሎ ቀና ብለው፣ ጣሪያ ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ ያለውን ሰማይ ብዙ አዩት።

«ቆርቆሮው መቼ ነው የሚመታው?»

«ለሰኔ ሚካኤል» አልኳቸው።

«ዝናቡ ይቀድምሃል» አሉ። «ለግንቦት ሚካኤል አድርገው።»