ለዲገር አንድ ጉርሻ

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ከቤታችን ፊት ለፊት መንገድ እየተሠራ ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ወደ ኋላ የሚሄድ ሎደር የሚያሰማው ቲት ቲት የሚል ድምፅ ነው። የናፍጣው ሽታ ከእርጥብ አፈር ጋር ተቀላቅሎ በመስኮት ሲገባ፣ አልጋዬ ላይ እንደተጋደምኩ ልቤ ቤሩት ይገባል፤ የእናቴ አሠሪ፣ የማዳም በረንዳ ላይ ቆሜ የሩዝ ጉርሻ እጠቀልላለሁ። ወዲያው ደሜ ይፈላል።

የተወለድኩት እዚያው ቤሩት ነው። እናቴ ዘይነባ ከወሎ ሄዳ፣ ከመጀመሪያ አሠሪዋ ቤት ስትወጣ በአሠሪዋ ስም የነበረውን የመኖሪያ ፈቃድ አጥታ ነበር፤ እኔም የእሷ ልጅ በመሆኔ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረኝም። ዓይን ኤል ረማነህ የሚባል ሰፈር ከሌሎች የአገራችን ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። ወረቀት የሌለውን ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት ስላጣን፣ እናቴ ራስ ቤሩት ወደምትሠራበት ቤት ስትሄድ ይዛኝ ትሄድ ነበር። እንግሊዝኛ ማንበብ ያስተማረችኝ አብራን የምትኖር፣ ወሎ ሳለች መምህርት የነበረች ሰዓዳ የምትባል ሴት ናት።

በፈረንጆቹ 2019 ጸደይ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የማዳም ልጅ ከሪም ደግሞ አራት። ከሪም ምግብ የሚባል ነገር አፉ አያስገባም ነበር። ከበረንዳው ማዶ ለሕንፃ መሠረት መቆፈር ሲጀመር ግን መድኃኒቱ ተገኘ። አባቱ የማሽኖች ሥዕልና የእንግሊዝኛ ስማቸው ያለበት መጽሐፍ ገዝቶለት ስለነበር፣ እኔ ሳህኑንም መጽሐፉንም ይዤ በረንዳ ላይ አስቀምጠውና ለአንድ ስም አንድ ጉርሻ እሰጠው ነበር። ረጅም ክንዱን አጎንብሶ አፈር የሚዝቀውን እያሳየሁ «ይሄስ?» ስለው «ዲገር!» ብሎ አፉን ይከፍታል፣ አጎርሰዋለሁ። በፊቱ ባለው ሰፊ አካፋ የሚያነሳው ሎደር፣ እየገፋ የሚደለድለው ቡልዶዘር፣ የሚጠቀጥቀው ሮለር፣ ሁሉም በየጉርሻው ይጠራ ነበር። ማዳም መጥታ ባዶውን ሳህን ስታይ ልጇን «ብራቮ ሐቢቢ!» ትለውና ወደ እኔ ዞራ «ያላ ቢንት፣ እጅሽን ታጠቢ» ትል ነበር። በአረብኛ ቢንት ልጅት ማለት ነው፤ ስም እንዳለኝ ጠይቃም አታውቅ።

የቤሩት በጋ ሲቃረብ ማዳም ልጇን እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ልታስገባው ተነሳች። ለመግቢያ ቃለ መጠይቅ ስላለው በየቀኑ ስሞቹን እንዳስጠናው አዘዘችኝ፤ እናቴንም «ከሪም ይግባልኝ እንጂ ለልጅሽም ዳይሬክተሯን አናግራለሁ። ያኒ፣ ቃሌ ነው» አለቻት። እናቴ ቃሏን አምና የእሑድ ገበያ ወርዳ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ቦርሳ ገዛችልኝ፤ እኔም ሌሊት አቅፌው እተኛ ነበር።

የቃለ መጠይቁ ዕለት እኔና እናቴ የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ማዳም በሩን ብርግድ አድርጋ «ቢንት! ቶሎ ነይ!» አለች። ስገባ የማሽን ሥዕሎች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፣ ከሪም ደግሞ አፉን እንደ ወፍ ጫጩት ከፍቶ ተቀምጧል። «ዲገር» ብሎ ጉርሻውን እየጠበቀ ነበር፤ ካልጎረሰ አይቀጥልም። አስተማሪው እኔ ስለነበርኩ ገባኝ። ሩዝ ከየት አመጣለሁ? ጣቶቼን ሰብስቤ ባዶ ጉርሻ አፉ ውስጥ ከተትኩለት፤ አላምጦ፣ ውጦ፣ «ሎደር!» አለ። እንዲህ እያልን ሁሉንም ጨረስን። ዳይሬክተሯ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችና እሱ የማያውቀውን ሥዕል አንስታ ወደ እኔ ዞረች። «ግሬደር» አልኳት። «ሻጥራ! ጎበዝ! ይቺስ የት ነው የምትማረው?» ብላ ማዳምን ጠየቀቻት።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር። ማዳም ግን የከሪምን ጃኬት እያነሳች «የሠራተኛዬ ልጅ ናት፣ አትማርም። ሜርሲ» ብላ ወጣች። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገኝ! እሷ ግን ያንን ዓረፍተ ነገር «አትማርም» ለማለት ተጠቀመችበት።

«አብሽሪ ልጄ፣ ሰው ፊት አፍራ ነው» አለችኝ እናቴ በመንገድ። መስከረም ሲመጣ ከሪም ዩኒፎርም ለበሰ፣ የእኔ ቦርሳ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። እናቴ ስታስታውሳት ማዳም «ኢንሻአላህ፣ በኋላ» ትላት ነበር። በጥቅምት ሕዝቡ መንግሥትን ተቃውሞ አደባባይ ወጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ እኛም በእግራችን እንመላለስ ጀመር። ማዶ ያለው ሥራ ቆሞ ዲገሩ ክንዱን መሬት አስደግፎ ቀረ፤ የቤሩትን ክረምት ሙሉ ጉድጓዱ ውኃ ሲሞላ ከበረንዳ እናይ ነበር።

በ2020 ጸደይ ኮሮና ገብቶ ሁሉ ሲዘጋ፣ ማዳም እናቴን «እስክጠራሽ አትምጪ» አለቻት። ከሳምንታት በኋላ ደወለች። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«ከሪም በስክሪን ሲማር ዝም ይላል። ቢንቷን ላኪልኝ፣ ከጎኑ ትቀመጥና ታስመልሰው። ካሜራው እንዳያሳያት ብቻ፣ ዝቅ ብላ ትቀመጥ።»

ያን ጊዜ ከክፍላችን ሴቶች ሥራ ያላት አልነበረችም፤ እናቴ እምቢ ካለች የቀረንን አንድ የሥራ በር በገዛ እጇ እንደምትዘጋ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ምስማሩ ላይ ያለውን ቦርሳ አየች፣ እኔን አየች።

«ስሟ ሐያት ነው ማዳም» አለች። «ሐያት አትመጣም። ኸላስ!»

ስልኩን ዘግታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «አንድ ጉርሻ ያጣላል ይላሉ» አለችን፣ «ይሄማ ባዶ ነበር።» ማዳም ዳግመኛ አልደወለችም፤ እኛም ዓመቱ ሳያልቅ አገር ገባን።

እዚህ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ከትናንሽ ልጆች ጋር ሦስተኛ ክፍል አስገቡኝ። ከሪም ይኸኔ አምስተኛ ክፍል ደርሷል፤ በእኔ ጣት በገባበት ትምህርት ቤት። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ልጁን አልጠላውም፣ ጉርሻዬን የበላ ልጅ ነው። እናቱን ግን ይቅር አላልኳትም፣ እንድልም አትጠይቁኝ።

ጠዋት ሰማያዊውን ቦርሳ አንግቼ ስወጣ መንገዱ ገና ጭቃ ነው። በመጀመሪያው ቀን ስሜን የጠየቀኝ ኦፕሬተር ሎደሩን አቁሞ፣ ከላይ አንገቱን አውጥቶ «እለፊ ሐያት፣ እንዳይረፍድብሽ!» ይለኛል።